የጋሞ ደጋ የእግር መንገዶች፦ ከብት በሚነዳበት ላይ ብስክሌት እንዲያልፍ ማን ይፍቀድ?

ከጨንቻ እስከ አርባ ምንጭ በመኪና መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ አጭር ርቀት መሬቱ 1,400 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ላይ ቀርከሃ፣ እንሰትና ገብስ፤ ታች ሙዝና ማንጎ፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ የዓባያና የጫሞ ሐይቆች። የደጋው ጫፍ የጉጌ ተራራ ነው። የተራራ ብስክሌት ስፖርት የሚወዱ ሰዎች ከአገር አገር እየዞሩ የሚፈልጉት እንዲህ ያለውን ቁልቁለት ነው፤ በተለይም ከመኪና የራቀ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ቀጭን መንገድ ያለበትን። የጋሞ ደጋ በእንዲህ ዓይነት መንገድ የተሞላ ነው። መንገዶቹ ግን ለስፖርት የተሠሩ አይደሉም። ከብት ወደ ግጦሽ ይነዳባቸዋል፤ ሴቶች እንጨትና ፍግ ተሸክመው ያልፉባቸዋል፤ ሸማኔ ሥራውን ይዞ ገበያ ይወርድባቸዋል።

ሰው የሚኖርበትን፣ ከብት የሚሰማራበትን መሬት ለጎብኚ መክፈት ይቻላል ወይ? ከተቻለስ ፈቃጁ ማን ነው? በጋሞ ዞን ይህ ጥያቄ ከብስክሌት በፊት ለእግር ተጓዥ፣ ከእግር ተጓዥ በፊት ደግሞ ለብሔራዊ ፓርክ ተነሥቷል። መልሱ ዛሬም አልጠራም። ብስክሌት ነገሩን የሚያከብደው በፍጥነቱ ነው፤ ተጓዥ በእግሩ ሲመጣ ከሩቅ ይታያል፣ ሰላምታ ይሰጣል፣ ይጠየቃል። ብስክሌት ግን እረኛው ቀና ሳይል መንጋው መሃል ሊገባ ይችላል።

መጀመሪያ መሬቱን እንየው። በጋሞ ደጋ የቤተሰብ ጓሮ እንሰት ነው። እንሰት ያለ ፍግ አይጸናም፤ ፍግ ያለ ከብት አይገኝም፤ ከብት ያለ ግጦሽ አይኖርም። በቀርከሃ የሚሠራው ረጅሙ የዶርዜ ቤት ሰውንና ከብትን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያሳድረውም ለዚሁ ነው፤ የሌሊቱ ፍግ በማለዳ ወደ ጓሮ ይወጣል። ስለዚህ ለከተማ ሰው ባዶ ሜዳ የሚመስለው ግጦሽ ከእንሰቱ የሚገኘው የቆጮ መነሻ ነው። በሕዝብ ብዛት ከአገሪቱ የተጨናነቁ ከሚባሉት ደጋዎች አንዱ በሆነው በዚህ አካባቢ የወል ግጦሹ ከዓመት ዓመት ጠብቧል። አንዱ ጎን ይታረሳል፣ ሌላው ባሕር ዛፍ ይተከልበታል። የቀረውን ሣር የሚያጎድል ማንኛውም አዲስ ነገር የሚመዘነው ከዚህ አንጻር ነው።

መሬቱ ባለቤት አልባ ሆኖ አያውቅም። ጋሞ ደሬ በሚባሉ ብዙ አካባቢዎች የተከፈለ አገር ነበር፤ እያንዳንዱ ደሬ ሸንጎውን የሚያደርገው ዱቡሻ በሚባል ገላጣ ሣራማ ስፍራ ነው። ዱቡሻ ላይ ይመከራል፣ ይታረቃል፣ ይዳኛል፤ ስፍራው አይታረስም። ሃላቃ የሚባሉት ሹማምንት የአካባቢውን ጉዳይ ለተወሰነ ጊዜ ይሸከማሉ። ወጋ የሚባለውን ልማድ የጣሰ፣ ለምሳሌ የወሉን መሬት የደፈረ፣ ጎሜ የሚባለው የነውር ዕዳ እንደተጫነው ይታመናል፤ መዘዙም ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለዝናቡ፣ ለከብቱና ለልጆቹ ይተርፋል። በጋሞ ደጋ በምትገኘው ዶኮ የሠራችው አንትሮፖሎጂስት ዲና ፍሪማን ይህን ሥርዓት በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣችው መጽሐፍ በሰፊው መርምራዋለች። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ፣ የቀበሌ አስተዳደር መምጣት፣ የደርግ ዘመቻና የፕሮቴስታንት እምነት መስፋፋት ሥርዓቱን አዳክመውታል። አላጠፉትም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የተቆጣ ወጣት ለበቀል ሲወጣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ከፊቱ ተንበርክከው እንደመለሱት መላው አገር አይቷል።

የዱቡሻ ሥልጣን አሁንም ሰሚ አለው ማለት ግን ሁሉንም ይወክላል ማለት አይደለም። ሴቶች በሸንጎው ድምፅ አልነበራቸውም። ሸክላ ሠሪዎቹና ቆዳ ፋቂዎቹ፣ ማና እና ደጋላ እየተባሉ፣ ለረጅም ጊዜ ከመሬትም ከሸንጎም ተገፍተው ኖረዋል። ቀጭኖቹን መንገዶች ግን ከማንም በላይ የሚጠቀሙት እነዚሁ ናቸው፤ ሴቷ እንጨቷን፣ ሸክላ ሠሪዋ ማሰሮዋን ተሸክማ። ስለ መንገድ የሚመክር ሸንጎ እነሱን ካልጠራ የመከረው ስለ ግማሹ መንገድ ብቻ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 የመሬት ባለቤትነትን ለመንግሥትና ለሕዝብ ይሰጣል፤ ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ አርብቶ አደሮች ለግጦሽም ለእርሻም መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በ2016 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ እስኪተካ ድረስ ሲሠራበት የቆየው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 የወል ይዞታን ለጋራ ግጦሽ፣ ለደንና ለመሰል ማኅበራዊ አገልግሎት የተሰጠ መሬት ብሎ አወቀው። ያው አዋጅ መንግሥት እንደ አስፈላጊነቱ የወል ይዞታን ወደ ግል ይዞታ ሊለውጥ እንደሚችልም ደነገገ። የወል ግጦሽ በሕግ ዓይን ቢታወቅም ጠባቂው ቀጭን ሆኖ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ ላይ የአስተዳደር መዋቅሩ ራሱ ሲለዋወጥ ቆይቷል፤ ጋሞ ከጎፋ ተለይቶ ዞን የሆነው በ2011 ሲሆን፣ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የተመሠረተው በ2015 ዓ.ም. ነው።

አሁን በአርባ ምንጭ አጠገብ ወዳለው የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ እንምጣ። ስለ ጋሞ የወል መሬትና ስለ ጎብኚ የሚያወራ ሁሉ በዚህ ታሪክ ማለፍ አለበት ብዬ አምናለሁ። ፓርኩ በ1966 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ስፋቱ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ዋና ዓላማውም የስዌይን ቆርኬን መጠበቅ ነበር። ሜዳው ግን የጉጂ ከብት አርቢዎች ይግጡበት፣ የቆሬ ገበሬዎችም በዳርቻው ያርሱበት ነበር። በደርግ ዘመን ጉጂዎች በኃይል ወጡ፤ በ1983 መንግሥት ሲወድቅ ተመለሱ። በየካቲት 1996 አፍሪካን ፓርክስ የተባለው የኔዘርላንድ ድርጅት ፓርኩን ለማስተዳደር ከመንግሥት ጋር ተዋዋለ። በዚያው ዓመት ቆሬዎች ከፓርኩ ውጭ እንዲሰፍሩ ተደረገ። በኅዳር 1997 ደግሞ የጉጂ አርብቶ አደሮች ቤቶች መቃጠላቸውን የሰብዓዊ መብት ተቆርቋሪዎች አስታወቁ። ድርጅቱ በ2000 ከኢትዮጵያ እንደሚወጣ አሳውቆ ለቆ ሄደ። ሰዎቹም ከብቱም በፓርኩ ውስጥ ቀሩ፤ ቆርኬው ግን ከሜዳው ሊጠፋ ደረሰ። ዛሬ ለዚህ እንስሳ ዋናው መሸሸጊያ ሻሸመኔ አቅራቢያ ያለው የሰንቀሌ መጠለያ ነው።

ከብት ለቆርኬው መመናመን ምክንያት አልሆነም የሚል ካለ አልስማማም፤ የሣር ሽሚያው እውነት ነው። ነገር ግን ሁለት ጊዜ በኃይል ተሞክሮ ሁለት ጊዜም ከሸፈ። በሣሩ የሚኖረው ሰው የውሉ ተዋዋይ ስላልነበረ ውሉን የሚያስከብርበት ምክንያት አልነበረውም። እንስሳውም ሰውም ከሰሩ።

ይህ የአርባ ምንጭ ታሪክ ብቻ አይደለም። በሰሜን ተራሮች ፓርክ የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2008 ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ ፓርኩም በዩኔስኮ የአደጋ መዝገብ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቆይቶ በ2017 እ.ኤ.አ. ወጣ። በሌላ በኩል የመንዝ ጓሳ አለ። እዚያ ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት እየዘጋ፣ በተወሰነ ጊዜ እየከፈተ ሲጠቀም ኖሯል። ከ1967ቱ አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈርሶ ሣሩ ተመዘበረ፤ ኋላ ግን ነዋሪዎቹ በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ መልሰው አቆሙት። ዛሬ ጎብኚ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት ወደዚያ ሲሄድ ወደ ማኅበረሰቡ ጥብቅ ስፍራ ይገባል። በመቄት ደግሞ ተስፋ በሚል ስያሜ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የእግር ተጓዦች ማረፊያ ጎጆዎች ተሠሩ፤ ጎጆዎቹ የገበሬው ናቸው፣ ገቢውንም የሚያስተዳድረው ራሱ የመረጠው ኮሚቴ ነው። ብስክሌት ወደ ጋሞ ደጋ የሚወጣ ከሆነ ሞዴሉ ከውጭ መምጣት አያስፈልገውም።

የውጭው ተሞክሮ ግን አንድ ነገር ያስጠነቅቃል። በአሜሪካ ቨርሞንት ኪንግደም ትሬልስ የሚባል የብስክሌት መንገዶች መረብ አለ፤ መንገዶቹ 100 የሚጠጉ የግል ባለመሬቶችን ማሳ፣ ግጦሽና ጫካ ያቋርጣሉ። ባለመሬቶቹ የፈቀዱት በበጎ ፈቃድ ነው። ብስክሌተኛው በዛ፣ አንዳንዱም ሥነ ሥርዓት አጣ፤ በታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ. ሦስት ባለመሬቶች መሬታችን ላይ ብስክሌት አይለፍ አሉ። ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ግን መሬታቸው የመረቡ እምብርት ስለነበር መንገዱ ተቆራረጠ። በእንግሊዝ በ1968 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ብስክሌተኛ በፈረስ መንገድ እንዲያልፍ ሲፈቅድ ለእግረኛና ለፈረሰኛ ቅድሚያ እንዲሰጥ ግዴታ ጣለበት። ፈቃድና ግዴታ አብረው የተጻፉበት በመሆኑ ይህን ሕግ አደንቃለሁ።

ብስክሌት መንገዱን ያበላሻል የሚለው ሥጋትስ? እስካሁን ያለው ጥናት የሚያሳየው ብዙ ሰው ከሚገምተው የተለየ ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሞንታና የተደረገ የታወቀ ሙከራ ፈረሶችና እግረኞች ከጎማ የበለጠ አፈር እንደሚያላቅቁ አሳይቷል። ትልቁ ጠላት ውኃ ነው። መንገድ ቁልቁለቱን ቀጥ ብሎ ከወረደ ዝናቡ መፍሰሻ ያደርገዋል፤ ከጥቂት ክረምት በኋላ ቦረቦር ይሆናል። የብስክሌት መንገድ ሠሪዎች ስለዚህ መንገዱን በተራራው ወገብ እያዞሩ ያወጣሉ፤ ተዳፋቱ በአማካይ ከመቶ 10 እንዳይበልጥ፣ ከገመገሙም ተዳፋት ግማሽ እንዳያልፍ ይጠነቀቃሉ፤ የውጭውን ጠርዝ በጥቂቱ ያዘነብላሉ፣ አልፎ አልፎም መንገዱን ዝቅ አድርገው መልሰው ያነሡታል፣ ውኃው እዚያ እንዲወጣ። ይህ ጥበብ ለደጋው እንግዳ አይደለም፤ በእርከን የሚያርስ ሕዝብ ውኃን በወገብ መያዝ ያውቃል። ከብት ግን አቋራጩን ይወዳል፤ ብዙዎቹ የከብት ዱካዎች ቀጥ ብለው የሚወርዱ ናቸው። ብስክሌት በእነዚህ ላይ በዝናብ ወቅት ቢለቀቅ የተጀመረውን ቦረቦር ያፋጥናል። ደጋው ከመጋቢት ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ዝናብ ያገኛል፤ አፈሩ የሚደርቀው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። በሐምሌ 2016 በጎረቤት ጎፋ ዞን የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰው ቀብሯል። በዚህ አገር ስለ ተዳፋትና ስለ ውኃ መጠንቀቅ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

የኔ አቋም እንዲህ ነው። ብስክሌት በጋሞ ደጋ ማለፍ ይችላል፣ ለወጣቱም ሥራ ሊሆን ይችላል። ከማንም በፊት ግን መጠየቅ ያለበት በዱቡሻው ዙሪያ ያለው ሕዝብ ነው፤ ሴቶቹና ከሸንጎ ተገፍተው የኖሩት የእጅ ባለሙያዎች በቦታው ተገኝተው። የዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ሥራም ሕዝቡ የተናገረውን መጻፍና ማስከበር ይሁን። ፈቃዱ የአንድ በጋ ብቻ ይሁን፤ ሕዝቡ ካልተስማማው በሚቀጥለው ኅዳር እንቢ ማለት ይችል ዘንድ። አዲስ መንገድ በግጦሹ ላይ አይቆፈር፤ ዱቡሻና ቅዱስ ደን አይነኩ፤ በእንሰት ጓሮ ውስጥ ማለፍ አይፈቀድ። ገቢው ወዴት እንደሚሄድ ከፋዩም ተቀባዩም በግልጽ ይወቁት፤ ከብት ከደነበረ ወይም ቡቃያ ከተረገጠ ካሣውን የሚከፍለው አስጎብኚው ይሁን።

የዞኑ ኃላፊዎች፣ ይህን የመጀመሪያው የብስክሌተኞች ቡድን ከመውጣቱ በፊት በጽሑፍ አስቀምጡት። ብስክሌት ይዛችሁ ወደ ጨንቻ ለምትወጡም አንድ ልመና አለኝ፦ ቁልቁል ስትወርዱ ሸክም የያዘች እናት ወይም ከብት የሚነዳ ልጅ ከፊታችሁ ካያችሁ፣ ፍሬን በመያዝ ብቻ አትለፉ፤ ከብስክሌቱ ውረዱ፣ ዳር ይዛችሁ ቁሙ፣ እስኪያልፉም ጠብቁ።