አፑ ሲጠፋ ጉልበታችሁስ?



ሰሞኑን ቅርጫት ኳስ የሚጫወት ወጣት ጉልበቱን አሞት ክሊኒክ መጣ። "ዶክተር፣ እኔ'ኮ በአፕ ነው የምሠራው፤ ስህተቴን ወዲያው ያሳየኛል" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ስልኩን ፊቱ አቁሞ ቁጭ ብድግ ሲሠራ እንከን የለውም። መርምሬው ከባድ ጉዳት እንደሌለው ካየሁ በኋላ ስልኩን ወሰድኩና "እስቲ ከዚች ደረጃ ዝለል" አልኩት። ሲወርድ ሁለቱም ጉልበቶቹ ወደ ውስጥ ገቡ።

📱 ኦግመንትድ ሪያሊቲ ምንድን ነው?
ካሜራው በሚያሳየው እውነተኛ ምስል ላይ ኮምፒውተር መስመር፣ ቀስት ወይም ቁጥር ሲጨምርበት ነው። ፖኬሞን ጎን ታስታውሳላችሁ? እንደሱ። በስፖርት ሲሆን ለምሳሌ ጉልበታችሁ አቅጣጫውን ሲስት መስመሩ ቀይ ይሆናል። በተለይ ጀማሪን ይጠቅማል፤ ሰው ሲንቀሳቀስ ራሱን አያይምና።

🧠 ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?
እርማቱ ሁሌ ከውጭ ከመጣ፣ አእምሯችን ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚመጣለትን ስሜት ማዳመጥ ይተዋል። ሳልሞኒ፣ ሽሚትና ዋልተር የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ስጋት ያነሱት እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ ስማርት ስልክ ሳይኖር!

ሜዳ ላይ ደግሞ ቀይ መስመር የለም። ዘለን ስንወርድ ወይም በድንገት ስንታጠፍ ጉልበት ወደ ውስጥ ከገባ፣ ኤሲኤል የሚባለው ጅማት ሊበጠስ ይችላል። ከቀዶ ጥገና በኋላ ወደ ውድድር ለመመለስ 9 ወርና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል።

ምን እናድርግ?
✅ እንቅስቃሴውን ስትለምዱት አንድ ዙር በአፕ፣ አንድ ዙር ያለ አፕ ሥሩ። ቀስ በቀስ አፑን ቀንሱ።
✅ መጀመሪያ "እንዴት ሠራሁ?" ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፣ ከዚያ ስክሪኑን እዩ።
✅ ስትጫወቱ ጓደኛችሁ ይቅረጻችሁ። እውነተኛው ፈተና እሱ ነው።
✅ አፕ የሌላችሁ አትጨነቁ። የፊፋ 11+ ማሟሟቂያ 20 ደቂቃ ያህል ነው የሚፈጀው፤ በሳምንት ቢያንስ 2 ጊዜ ሲሠራ የእግር ኳስ ጉዳትን እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል።

⚠️ ጉልበታችሁ "ቋ" ብሎ ካበጠ፣ ከከዳችሁ ወይም መርገጥ ካቃታችሁ፣ አፑ አረንጓዴ ቢያሳይም ልምምዱን አቁማችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ወጣቱ አሁን ግማሹን ልምምድ ስልኩን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚሠራው 😊

ስፖርት ለሚሠሩ ወዳጆቻችሁ ሼር አድርጉላቸው። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።