ፈረስንና ጋጣውን ለክረምት ስለ ማሰናዳት
ጉግስና የፈረስ እሽቅድምድም ሲታይበት በኖረው በጃን ሜዳ አጠገብ፥ በስድስት ኪሎ፥ ፈረስ የሚያኖር ሰው ሐምሌ ሳይገባ በሰኔ ጋጣውን ሊያሰናዳ ይገባዋል። ሠፈሩ ከባሕር ወለል ከ2400 ሜትር በላይ ስለ ሆነ ክረምቱ ይበርዳል። ፈረስ ብርዱን ይችላል፤ ጭቃውን ግን አይችልም። በጭቃና በፋንድያ ላይ የቆመ ሰኮና ከሥሩ ይበሰብሳል፤ በሽታውም በክፉ ሽታው ይታወቃል። ስለዚህ የግቢው ውሃ በቦይ ይውረድ፤ ወለሉ በድንጋይ ይነጠፍ፤ ሰኮናውም ማታ ማታ ተጠርጎ ይታይ። ይህንንስ ለባልደራስ ብቻ ትቶ መተኛት አይበጅም፤ ባለቤቱ ራሱ ጐንበስ ብሎ ይመልከት። ድርቆሹ ከመሬት ከፍ ብሎ ይከመር፤ የሻገተው በሆድ ቁርጠት ፈረስ ይገድላልና ለቁጠባ ተብሎ ከቶ አይበላ። ዝናቡ ሲያባራ በትንኝ የሚተላለፈው የፈረስ በሽታ ይነሣል፤ ክትባቱ አስቀድሞ ይሰጥ። ትንኙም ከምሽት እስከ ንጋት ስለሚበረታ፥ በዚያ ሰዓት ፈረሱ ከጋጣ አይውጣ።