የተሽከርካሪ ኢንዱስትሪ ለውጥ እና የኤሌክትሪክ መኪና ከመግዛት በፊት ሊታወቁ የሚገቡ ነጥቦች

ለብዙ ቤተሰቦች ከመኖሪያ ቤት ቀጥሎ ትልቁ ግዥ ተሽከርካሪ ነው። የዓመታት ቁጠባ፣ የእቁብ ገንዘብ ወይም የባንክ ብድር በአንድ ቀን የሚከፈልበት በመሆኑ፣ የተሳሳተ ምርጫ የሚያስከትለው ጉዳት በቀላሉ አይካካስም። በአሁኑ ወቅት የዓለም የተሽከርካሪ ኢንዱስትሪ በፍጥነት እየተለወጠ ነው። በዚህ ሳቢያ ገዢዎች ለረጅም ዘመን ሲጠቀሙባቸው የቆዩት መመዘኛዎች፣ ማለትም የሞተር ድምፅ፣ የካምቢዮ አሠራርና የነዳጅ ፍጆታ፣ ብቻቸውን በቂ ሊሆኑ አልቻሉም። ይህ ጽሑፍ የለውጡን ዋና ዋና አዝማሚያዎች ያብራራል፤ ተገልጋዮች ከግዥ በፊት ሊያረጋግጧቸው የሚገቡ ነጥቦችንም ያመለክታል።

የዓለም አቀፉ ለውጥ አቅጣጫ

እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ዙሪያ ከ17 ሚሊዮን በላይ የኤሌክትሪክ መኪኖች ተሽጠዋል። ይህ አኃዝ ከኃይል መስመር ባትሪያቸው የሚሞላ ሃይብሪድ መኪኖችን ይጨምራል። በዚያ ዓመት ከተሸጡ አምስት አዳዲስ መኪኖች አንዱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነበር ማለት ነው። በኖርዌይ በዚያው ዓመት ከተመዘገቡት አዳዲስ መኪኖች ወደ 89 በመቶ የሚጠጉት ሙሉ በሙሉ የኤሌክትሪክ ሲሆኑ፣ በቻይና ደግሞ ድርሻቸው ከአዲስ መኪና ሽያጭ ወደ ግማሽ ተጠግቷል።

ለዚህ ዋናው ምክንያት የባትሪ ዋጋ መውረዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ አማካይ ዋጋ ከ1,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ነበር። በ2024 ወደ 115 ዶላር ወርዷል። ሁለተኛው ምክንያት የማምረቻ ማዕከሉ መዛወር ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2023 ጃፓንን በመቅደም በመኪና ወጪ ንግድ ከዓለም ቀዳሚ ሆናለች። ቀድሞ በጃፓንና በአውሮፓ ሥሪት መኪኖች ተይዞ የቆየው የብዙ ታዳጊ ሀገራት ገበያም ፊቱን ወደ ቻይና አዙሯል።

የኢትዮጵያ ምርጫ መነሻ

ኢትዮጵያ የምትጠቀመውን ቤንዚንና ናፍጣ በሙሉ ከውጭ ታስገባለች። ለዚህም በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይወጣል። በአንጻሩ ሀገሪቱ የኤሌክትሪክ ኃይልን በዋናነት የምታመነጨው ከራሷ ወንዞች ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። በውጭ ምንዛሪ የሚገዛን ነዳጅ በሀገር ውስጥ በሚመነጭ ኃይል መተካት የፖሊሲው ዋና መነሻ ነው።

በዚህ መሠረት የገንዘብ ሚኒስቴር በ2014 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስ ታክስና ከሱር ታክስ ነጻ ተደርገዋል። የጉምሩክ ቀረጡም ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው ለሚገቡት 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥመው ለሚገቡት 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበታትነው በሀገር ውስጥ ለሚገጣጠሙት ደግሞ ዜሮ እንዲሆን ተወስኗል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ካልሆኑ በቀር አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ተደርጓል። የታክስና የቀረጥ ውሳኔዎች በየጊዜው ሊሻሻሉ ስለሚችሉ፣ መኪና ለማስገባት ያቀደ ሰው ውል ከመፈጸሙ በፊት በሥራ ላይ ያለውን መጠን ከጉምሩክ ኮሚሽን ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ዋጋው ከሞተር ወደ ባትሪ ተዛውሯል

በነዳጅ መኪና ውስጥ ትልቁ ሀብት ሞተሩ ነበር። በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ግን ባትሪው ከጠቅላላ ዋጋው እስከ ሲሶ የሚደርስ ድርሻ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ የባትሪውን ዓይነት፣ አቅምና ዋስትና ሳያውቁ መኪና መግዛት የሞተሩን ሁኔታ ሳያዩ እንደመግዛት ይቆጠራል።

በገበያ ላይ በስፋት የሚገኙት ሁለት ዓይነት የሊቲየም ባትሪዎች ናቸው። የመጀመሪያው በብረትና በፎስፌት ላይ የተመሠረተው ሲሆን ኤል ኤፍ ፒ ተብሎ ይጠራል። ዋጋው ዝቅ ያለ፣ ብዙ ጊዜ ተሞልቶ የሚያገለግልና ከፍተኛ ሙቀትን በተሻለ ሁኔታ የሚቋቋም ቢሆንም ክብደቱ ይበልጣል። ሁለተኛው በኒኬል፣ በማንጋኒዝና በኮባልት የሚሠራው ኤን ኤም ሲ ነው። በአነስተኛ ክብደት ብዙ ኃይል ይይዛል፤ ነገር ግን ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ዕድሜው እንዲረዝምም ለዘወትር አገልግሎት እስከ 80 በመቶ ብቻ እንዲሞላ ይመከራል።

ብዙ አምራቾች ለባትሪ የስምንት ዓመት ወይም የ160,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጣሉ። ሆኖም አንድ መኪና ለሌላ ሀገር ገበያ ተመርቶ በሦስተኛ ወገን በኩል ወደ ኢትዮጵያ የገባ ከሆነ፣ አምራቹ የሰጠው ዋስትና እዚህ ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ ዋስትናውን የሚሰጠው አምራቹ፣ አስመጪው ወይም ሻጩ መሆኑ፣ ጥገናው የሚሰጥበት ቦታና የዋስትናው ዘመን በጽሑፍ ውል ሊሰፍር ይገባል። በቃል የተሰጠ ተስፋ ባትሪው በተበላሸ ጊዜ ማስረጃ ሆኖ አያገለግልም።

ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና በሚገዛበት ጊዜ የተጓዘውን ኪሎ ሜትር ማየት ብቻ አይበቃም። ባትሪው አዲስ ከነበረበት አቅም ስንት በመቶው እንደቀረ በመመርመሪያ መሣሪያ ማስለካት ያስፈልጋል።

የጉዞ ርቀትና የሀገሪቱ መልክዓ ምድር

በማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው የጉዞ ርቀት በቤተ ሙከራ የተለካ ነው። ሲ ኤል ቲ ሲ በተባለው የቻይና መለኪያ የተሰጠ ርቀት ደብሊው ኤል ቲ ፒ በተባለው፣ አውሮፓ በምትጠቀምበት መለኪያ ከሚገኘው ይበልጣል፤ በገሃዱ መንገድ የሚገኘው ደግሞ ከሁለቱም ሊያንስ ይችላል።

በቀላል ስሌት ማስላት ይቻላል። 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ያለው መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 16 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ከሆነ፣ በአንድ ሙሉ ኃይል ከ300 ኪሎ ሜትር ጥቂት አልፎ ይጓዛል። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ያለው ርቀት 275 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ መኪናው ይደርሳል፤ የሚተርፈው ኃይል ግን አነስተኛ ነው። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ስለምትገኝ፣ መልሱ ዳገት የሚበዛበትና የበለጠ ኃይል የሚጠይቅ ይሆናል። ስለዚህ ከጉዞ በፊት በመዳረሻው ወይም በመንገዱ ላይ ኃይል የሚሞላበት ቦታ መኖሩን ማረጋገጥ የግድ ነው።

የኢትዮጵያ መልክዓ ምድር ለኤሌክትሪክ መኪና ጥቅምም ፈተናም አለው። የነዳጅ ሞተር አየሩ በሳሳበት ደጋ ላይ ጉልበቱ ሲቀንስ፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን በከፍታ ምክንያት ጉልበት አያጣም። በአንጻሩ 1.8 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ከፍታ ለመውጣት፣ ለርቀቱ ከሚያስፈልገው በተጨማሪ ቢያንስ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። ይህም ከላይ ለተጠቀሰው ባትሪ አንድ አሥረኛ ነው። ከዚህ ኃይል ከፊሉ በቁልቁለት ላይ ይመለሳል፤ ሞተሩ መኪናውን እየያዘ ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭ ባትሪው ይሞላል፣ የፍሬን ሸራም ይቆጥባል። ይሁን እንጂ ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚመለሰውን ኃይል መቀበል አይችልም። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ እንደሚወስደው ባለ ረጅም ቁልቁለት ላይ የሚወርድ አሽከርካሪ ባትሪውን ጠርዝ ድረስ ሞልቶ ባይነሳ ይመረጣል።

እንደ አፋርና ድሬዳዋ ባሉ ሞቃት አካባቢዎች የሚያገለግል መኪና ባትሪው በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ እንዲሆን ይመከራል። ተደጋጋሚ ከፍተኛ ሙቀት የባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል።

ኃይል መሙላት

በ220 ቮልት መደበኛ ሶኬት በ10 አምፒር የሚሞላ መኪና በሰዓት 2.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይቀበላል። በቀን 50 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው የሚያስፈልገው 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ በመሆኑ አራት ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ ቢሰካ ይበቃዋል። ባዶ የሆነ የ50 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪን በዚሁ መንገድ መሙላት ግን ከ22 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ግድግዳ ላይ የሚተከል 7 ኪሎ ዋት መሙያ ይህን ወደ ሰባት ሰዓት ያህል ያወርደዋል። በፈጣን ጣቢያዎች ከ20 እስከ 80 በመቶ ለመሙላት ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ሊወስድ ይችላል።

የግድግዳ መሙያ ከማስተከል በፊት የቆጣሪው አቅም፣ የሽቦው ውፍረትና የመሬት መስመሩ በባለሙያ መታየት አለባቸው። የቆጣሪ አቅም ማሳደግ ካስፈለገ ጥያቄው የሚቀርበው ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። በሶኬት ማባዣና በቀጭን ገመድ ለረጅም ሰዓት መሙላት ለእሳት አደጋ ያጋልጣል። በጋራ መኖሪያ ቤት የሚኖሩ ሰዎች የመሙያውን ቦታና የኃይል ክፍያውን አስቀድመው ከነዋሪዎች ማኅበር ጋር ሊስማሙበት ይገባል።

የመሙያ ሶኬት ዓይነትም ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ነው። ለቻይና ገበያ የተመረቱ መኪኖች ጂ ቢ ቲ የተባለውን፣ ለአውሮፓ ገበያ የተመረቱት ደግሞ ሲ ሲ ኤስ 2 የተባለውን ሶኬት ይጠቀማሉ። አንዱ ከሌላው ጋር በቀጥታ አይገጥምም።

ሶፍትዌርና የአሽከርካሪው ኃላፊነት

ዘመናዊ መኪና በኮምፒውተር የሚመራ መሣሪያ ሆኗል። ባትሪው፣ ፍሬኑ፣ በሩና የጉዞ ካርታው በሶፍትዌር ይታዘዛሉ። ለሌላ ሀገር ገበያ የተሠራ መኪና ቋንቋው የማይቀየር፣ ካርታው ኢትዮጵያን የማያሳይ ወይም የሶፍትዌር ማሻሻያ የማይደርሰው ሊሆን ይችላል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰውም ከሊብሬው በተጨማሪ የመኪናው የስልክ መተግበሪያ ወደ ስሙ መዛወሩን ማረጋገጥ አለበት። ይህ ካልተደረገ የቀድሞው ባለቤት መኪናው ያለበትን ቦታ ሊያይ ወይም በሩን ከርቀት ሊከፍት ይችላል።

ራስን በራስ የማሽከርከር ቴክኖሎጂ ከዜሮ እስከ አምስት ደረጃዎች አሉት። በገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ መኪኖች ሁለተኛውን ደረጃ አያልፉም። በዚህ ደረጃ መኪናው መስመር ይጠብቃል፣ ፍጥነት ያስተካክላል፤ ይሁን እንጂ መንገዱን የመከታተል ኃላፊነት ሙሉ በሙሉ የአሽከርካሪው ነው። የአስፋልት ቀለም በደበዘዘበት፣ እግረኛና የቤት እንስሳት በሚበዙበት መንገድ ይህን አገልግሎት ማመን ለአደጋ ያጋልጣል።

ጥገናና የሙያ ለውጥ

የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት፣ ካንዴላ፣ የነዳጅ ፓምፕና ማርሚታ የለውም። የፍሬን ዘይት፣ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ የመሪ ክፍሎችና ጎማዎች ግን ክትትል ይፈልጋሉ። በተለይ ጎማ በመኪናው ክብደት ምክንያት ቶሎ ሊያልቅ ይችላል።

ይህ ለውጥ የብዙ መካኒኮችን መተዳደሪያ ይነካል። በሞተርና በካምቢዮ ጥገና የሚተዳደሩ ጋራዦች ሥራቸው በአንድ ጊዜ ባይቆምም፣ የነዳጅ መኪኖች ቁጥር እየቀነሰ ሲሄድ መቀነሱ አይቀርም። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ በአብዛኛው ከ300 እስከ 400 ቮልት የሚደርስ፣ ሕይወት ሊያጠፋ የሚችል ኃይል ይይዛል። ከፍተኛ ቮልት የሚያልፍባቸው ገመዶች በብርቱካናማ ቀለም ይለያሉ። ሥልጠና ያልወሰደና መከላከያ ጓንት የሌለው ባለሙያ እነዚህን ክፍሎች ሊነካ አይገባም። ወጣት መካኒኮች በዚህ ዘርፍ በቶሎ ቢሠለጥኑ ለራሳቸው የሥራ ዕድል፣ ለተገልጋዩም ደኅንነት ያስገኛል።

ከግዥ በፊት የሚረጋገጡ ነጥቦች

• የባትሪው ዓይነት፣ አቅምና ያገለገለ ከሆነ የቀረው አቅም በመቶኛ
• የዋስትናው ሰጪ፣ ዘመንና የጥገና ቦታ በጽሑፍ ውል መስፈሩ
• የጉዞ ርቀቱ በየትኛው መለኪያ እንደተሰጠ
• የመሙያ ሶኬቱ በአቅራቢያ ካሉ ጣቢያዎች ጋር መግጠሙ
• በቤት ያለው ቆጣሪና ሽቦ ጭነቱን መሸከም መቻሉ
• የመለዋወጫ አቅርቦትና የሠለጠነ ባለሙያ መኖሩ
• የሶፍትዌሩ ቋንቋ፣ የማሻሻያው ሁኔታና የመተግበሪያው ባለቤትነት
• የሻንሲ ቁጥሩ ከጉምሩክ ሰነዱና ከሊብሬው ጋር አንድ መሆኑ

የኤሌክትሪክ መኪና በነዳጅ ወጪና በሞተር ጥገና ረገድ የሚያስገኘው ቁጠባ እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ ቁጠባው የሚገኘው ባትሪው የታሰበለትን ዘመን ሲያገለግልና ሲበላሽ የሚጠግነው ሲኖር ነው። ከላይ የተዘረዘሩትን ለማጣራት የሚወስደው ጥቂት ቀን የዓመታት ቁጠባን ከጥፋት ይጠብቃል።