በግል መሬት ላይ የበቀለ አገር በቀል ዛፍና ሕጉ

አንድ ሰው በገንዘቡ መሬት ገዝቶ አጥር ካሳጠረ በኋላ በአጥሩ ውስጥ ያለው ሁሉ የራሱ ብቻ መስሎ ይታየዋል። ነገር ግን በግቢው መካከል ከእርሱ በፊት፣ ምናልባትም ከአያቱ በፊት የበቀለ ትልቅ አገር በቀል ዛፍ ቆሞ ቢያገኝ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይሆንም። ዛፉን የሸጠለት ሰው አልተከለውም፤ እርሱም ቢቆርጠው በዕድሜው ሊተካው አይችልም። ስለዚህ በብዙ አገሮች ሕግ በባለመሬቱና በዛፉ መካከል ይገባል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምንገልጸው ይህ ሕግ ምን እንደሚል፣ በተለይም ዛፍን ከነሥሩ ነቅሎ ወደ ሌላ ስፍራ ማዛወር መፍትሔ መሆን አለመሆኑን ነው።

ነገሩን ለማስረዳት ከካምፓላ ከተማ የቡጎሎቢን ሰፈር እንውሰድ። ቡጎሎቢ ከከተማው መካከል በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በናኪቩቦ ረግረግ አጠገብ ያለ የመኖሪያ ሰፈር ነው። የኡጋንዳ ብሔራዊ የደን ባለሥልጣን ዋና መሥሪያ ቤቱን ያደረገው በዚሁ ሰፈር በስፕሪንግ መንገድ ነበር። ይህም ባለሥልጣን የተመሠረተው በ2003 በወጣው የደንና የዛፍ ተከላ ሕግ ነው። በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገሮችን ዓመት በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአገራችንን ግን በዓመተ ምሕረት እንጽፋለን።

በኡጋንዳ የ1995ቱ ሕገ መንግሥት መሬት የዜጎች ነው ይላል። የመሬቱም አያያዝ አራት ዓይነት ነው፤ በልማድ የተያዘ፣ በሙሉ ባለቤትነት የተያዘ፣ ማይሎ የሚባለውና በኪራይ የተያዘ። ማይሎ የሚለው ስም ማይል ከሚለው የርቀት መለኪያ የመጣ ሲሆን፣ በ1900 በቡጋንዳና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል ለቡጋንዳ መኳንንትና ሹማምንት መሬት በካሬ ማይል ስለ ተደለደለ እንዲህ ተባለ። የውጭ አገር ሰው መሬት ሊይዝ የሚችለው በኪራይ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ባለቤትነት ማለት ያለ ገደብ ማድረግ ማለት አይደለም። በ1998 የወጣው የመሬት ሕግ ማንኛውም ባለመሬት መሬቱን በደንና በአካባቢ ጥበቃ ሕጎች መሠረት እንዲጠቀምበት ያስገድደዋል። የ2003ቱም ሕግ በአንድ በኩል በግል ደን ውስጥ የሚገኘው እንጨት የባለቤቱ መሆኑን ያረጋግጣል፤ በሌላ በኩል ሚኒስትሩ አንዳንድ የዛፍ ዓይነቶችን የተጠበቁ ብሎ በትእዛዝ እንዲያስታውቅ ሥልጣን ይሰጠዋል። ስለዚህ እንጨቱ የባለመሬቱ ሲሆን የዛፉ ዘር ግን የአገር አደራ ነው ማለት ይቻላል።

ሕግ ስለ ምን እንዲህ እንደሚጠነቀቅ ለመረዳት ሙቩሌ የሚባለውን ዛፍ መመልከት ይበቃል። ሙቩሌ ቁመቱ እስከ 50 ሜትር ሊደርስ የሚችል፣ እንጨቱም ምስጥ የማይደፍረው በመሆኑ ለበርና ለቤት ዕቃ እጅግ የሚፈለግ ዛፍ ነው። ወንዱና ሴቱ በየራሳቸው ግንድ ስለሚቆሙ ፍሬ የምትሰጠው ሴቲቱ ብቻ ናት። አንዲት ሴት ሙቩሌ ከአንድ ሰፈር ስትጠፋ የሰፈሩ ዘር አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ችግኙን በብዛት አንድ ላይ መትከልም አስቸጋሪ ነው፤ ለጋ ቅጠሉንና እንቡጡን እያሳበጠ የሚያደርቅ ትንሽ ተባይ አለና። እንግዲህ «አንዱን ቆርጬ አሥር እተክላለሁ» የሚለው ቃል ለሙቩሌ በቂ ዋስ አይሆንም።

አንዳንድ ሰው «አልቆርጠውም፤ ነቅዬ ወደ ሌላ ቦታ አዛውረዋለሁ» ይል ይሆናል። አሳቡ ለሰሚው ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ማወቅ ይገባል። ዛፍ ውኃና ምግብ የሚስብባቸው ቀጫጭን ሥሮች አብዛኛዎቹ የሚገኙት ከመሬት ገጽ ብዙ ሳይርቁ ሲሆን፣ ወደ ጎን ግን ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፈው ይሄዳሉ። ዛፍ የሚያዛውሩ ባለሙያዎች ከሥሩ ጋር የሚወጣው አፈር ስፋት የግንዱን ውፍረት ቢያንስ አሥር ጊዜ እንዲያህል ያደርጋሉ። ግንዱ ከዳር እስከ ዳር 30 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ዛፍ 3 ሜትር ስፋት ያለው አፈር ማውጣት ያስፈልጋል ማለት ነው። ጥልቀቱ አንድ ሜትር ቢሆን ክብደቱ ከ10 ቶን ያልፋል። ግንዱ አንድ ሜትር ለሆነ ሽማግሌ ዛፍ ግን በዚሁ ስሌት ከ100 ቶን በላይ ይሆናል። ይህም ሁሉ ከመደረጉ ከብዙ ወራት አስቀድሞ ሥሩን ዙሪያውን እየቆረጡ አዲስ ሥር እንዲያወጣ ማዘጋጀት፣ ከተዛወረም በኋላ ለጥቂት ዓመታት ውኃ ማጠጣት ያስፈልጋል። ይህ ጥንቃቄ የጎደለው ማዛወር ዛፉን በዝግታ መግደል ነው።

እንዲህ ስለሆነ ሕግ አዋቂዎች ማዛወርን ከመቁረጥ ለይተው በነፃ አይለቁትም። የደቡብ አፍሪካ የ1998 የደን ሕግ የተጠበቀን ዛፍ ያለ ፈቃድ መቁረጥን ብቻ ሳይሆን ማወክን፣ ከቦታው ማንሳትንና ማጓጓዝንም ይከለክላል፤ ዛፉ በግል መሬት ላይ መቆሙም ከፈቃድ አያድንም። በዚያ ሕግ ከተጠበቁት ዛፎች አንዱ እኛ ዝግባ የምንለው ነው። በአሜሪካ የአሪዞና ግዛት ደግሞ ባለመሬት የተጠበቀ ተክል ከማጥፋቱ በፊት እንደ መሬቱ ስፋት ከ20 እስከ 60 ቀን አስቀድሞ ለግብርና መሥሪያ ቤት ማስታወቅ አለበት። ተክሉን ሌላ ሰው ወስዶ ለመትከል ቢፈልግ ፈቃድና ምልክት ያወጣል። በጎረቤታችን በኬንያ በ2020 በናይሮቢ ለሚሠራው ከፍተኛ መንገድ ሲባል መቶ ዓመት ያህል እንደኖረ የሚነገርለት አንድ ሙጉሞ ተነቅሎ ሊዛወር ታስቦ ነበር። ሙጉሞ ከዋርካና ከሾላ ወገን የሆነ፣ ኪኩዩዎች የሚያከብሩት ዛፍ ነው። ሕዝቡ ከተቃወመ በኋላ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ዛፉ በቦታው እንዲቆይ አዘዙ።

በአገራችንም ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. ስለ መንግሥት ደን፣ ስለ ግል ደንና ስለ ጥብቅ ደን ሦስት አዋጆች ተከታትለው ወጥተዋል፤ ቁጥራቸውም 225፣ 226 እና 227 ነው። የ1986 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን በስም ጠርቶ ከልክሏል። ይህም በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 542፣ እርሱም በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1065 ተተክቷል። ጥድን በትግርኛ ጽሕዲ፣ ዋርካን ደግሞ ዳዕሮ እንላቸዋለን፤ ስማቸው ቢለያይም ሽማግሌዎች ለዳኝነትና ለእርቅ በጥላቸው ሥር የሚቀመጡት በሁለቱም ቋንቋ ተናጋሪዎች ዘንድ ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር ሳንናገር ልናልፍ አንወድም። ሕግ የሚከለክል ብቻ ሲሆን ዛፉን ሊጎዳው ይችላል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባውን ባሕር ዛፍ ገበሬው ያለ ሥጋት ተክሎ ይሸጣል። በእርሻው ዳር ዋንዛ በራሱ ጊዜ ሲበቅል ግን «ይህ ካደገ ነገ እንዳልነካው እከለከላለሁ» ብሎ የሰጋ እንደሆነ በቡቃያው ይነቅለዋል። ያን ጊዜ የሚያየው ዳኛ የለም፤ የሚመሰክርበትም የለም። ስለዚህ ሽማግሌውን ዛፍ የሚጠብቅ ሕግ ቡቃያውን ላሳደገ ሰው መብት ሊሰጠው፣ የፈቃዱንም መንገድ ሊያሳጥርለት ይገባል። በመዝገብ ጠረጴዛ ፊት ወር ሙሉ የሚመላለስ ባለመሬት በመጨረሻ መጥረቢያውን በሌሊት ያነሣል። ይህ የባለጉዳይ ሳይሆን የእኛ የመንግሥት ሠራተኞች ሥራ ነው።

ለቤተሰብ ደግሞ ጥቂት ምክር እንጨምራለን። መሬት ከመግዛት ወይም ከመከራየት በፊት በውስጡ ያለውን ዛፍ ስሙንና ዕድሜውን ጠይቁ። የቤቱን ፕላን የሚያወጣው መሐንዲስ ዛፉን በፕላኑ ላይ እንዲያሳይ እዘዙ፤ ግድግዳን ሁለት ሜትር ማሸሽ 100 ቶን ከማንሳት ይቀላልና። የማይቀር ከሆነ ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ለመዛወርም የዝናብን መጀመሪያ ምረጡ፤ ይኸውም በካምፓላ መጋቢትና መስከረም ገደማ ነው። አንዳንዱን ዛፍ ሳይነቅሉ ማባዛት እንደሚቻልም አትርሱ። ባጋንዳ ከልጡ የሚለበስ ጨርቅ የሚቀጠቅጡበት ሙቱባ ከቅርንጫፉ ተቆርጦ ሲተከል ይበቅላል፤ የልጡም ጨርቅ ሥራ በ2008 በዩኔስኮ የሰው ልጅ ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብቷል። እንዲህ ያለው ዛፍ ልጁ ወደ አዲሱ ስፍራ ሲሄድ እናቲቱ በቦታዋ ትኖራለች።

የመሬት ሰነድ በአንድ ቀን ይፈረማል፤ ዛፍ ግን በአንድ ቀን አይበቅልም። መሬቱን የያዘ ሁሉ ለሚቀጥለው ባለመሬት ጥላውን ጭምር ቢያስረክብ መልካም ነው።