ታሪካዊ ሕንፃዎችን ለቢሮ ማዘመን በአዲስ አበባ

ታሪካዊ ሕንፃን ለቢሮ ማዘመን ማለት የቆየውን ሕንፃ ሳያፈርሱ ለዛሬ ሥራ እንዲመች ማደስ፣ ካስፈለገም ማስፋት ነው። አዲስ የኤሌክትሪክና የኔትወርክ መስመር ይዘረጋል፣ የእሳት መከላከያ ይገባል፤ የሕንፃው መልክና አሠራር ግን በተቻለ መጠን እንደነበረ ይቆያል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በቅርስ ላይ የሚደረግ ጥገና የቅርስ ባለሥልጣኑን ቅድሚያ ፈቃድ ይጠይቃል።

በከተማዋ የሚጠቀሰው ትልቁ ምሳሌ አፍሪካ አዳራሽ ነው። በጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ተነድፎ ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተመረቀ ሲሆን፣ ለተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫነት የተሠራ ነው። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተውም እዚሁ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ለእድሳቱ 57 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አጸደቀ። ገንዘቡ ለቀለም ብቻ አልነበረም፤ ሕንፃው የመሬት መንቀጥቀጥን እንዲቋቋም ተጠናከረ፣ ለጤና ጎጂ የሆነው አስቤስቶስ ወጣ፣ የስብሰባ መሣሪያዎቹም ተቀየሩ። 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕልም አብሮ ታደሰ። ለጎብኚዎች ቋሚ ኤግዚቢሽን ተጨመረ።

አዳራሹ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ዳግም ተከፈተ። በአጋጣሚ በዚያው ምሽት አዲስ ከተማ ውስጥ መርካቶ ሸማ ተራ ከባድ የእሳት አደጋ ደረሰ፤ የመንገዶቹ ጥበት ለእሳት አደጋ መኪኖች ችግር ሆነ።

መርካቶን ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ አዛውረው ነው የመሠረቱት። እዚያ ያለው መንገድ ከአፍሪካ አዳራሹ የተለየ ነው፤ ብዙዎቹ አሮጌ ሱቆች ፈርሰው በምትካቸው ፎቅ ተሠርቷል፣ ታች ሱቅ፣ ላይ ባንክና ቢሮ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መሬቱ ውድ ነው፤ ባለ አንድ ፎቅ ሱቅ ቢታደስ ተመልሶ ያው አንድ ፎቅ ነው፤ በአክሲዮን የተሰባሰቡ ነጋዴዎች ደግሞ ወጪያቸውን የሚመልሱት ወደ ላይ በመሥራት ነው። በሌሎች አገሮች የፊቱን ግድግዳ አስቀርቶ ከኋላ ፎቅ መጨመር የተለመደ ነው፤ ይህንን ግን ጭምብል ብቻ ነው ብለው የሚነቅፉ አርክቴክቶች ጥቂት አይደሉም።

በመርካቶ ከግድግዳው ይልቅ የሚያስቸግረው ተራውን ማቆየት ነው። አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎች ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ገዢው ዋጋ የሚያነጻጽረው በእግሩ እየዞረ ነው፤ ያው ንግድ በአራትና በአምስት ፎቅ ሲበተን ይህ ይቀራል። ስሞቹ ግን አልጠፉም። አዲስ ፎቅ ላይ ያለ ቢሮ የሚፈልግ ሰው ዛሬም የሚጠይቀው ምን አለሽ ተራ ወይም ቆርቆሮ ተራ ብሎ ነው።