የሞተ ጥርስ ነፍስ ይዘራ ይሆን?

ልጅዎ ከትምህርት ቤት ከንፈሩ አብጦ፣ የፊት ጥርሱ ጫፍ ተሸርፎ ቢመጣ መጀመሪያ የሚያስደነግጥዎ ደሙ ነው። ደሙ ይታጠባል፤ እብጠቱም በጥቂት ቀናት ይጎድላል። ጥርሱ አልወለቀምና «ተመስገን» ብለው ይረሱታል። ከወራት በኋላ ግን ጥርሱ ቀስ በቀስ ሊጠቁር፣ ከበላዩ ባለው ድድ ላይም መግል የቋጠረች ትንሽ እብጠት ልትወጣ ትችላለች። እብጠቷ በጥርሱ ውስጥ የነበረው ሕያው ሥጋ ሞቶ መመረዙን የምትጠቁም ምልክት ናት።

ይህን የሞተ ሥጋ መልሶ ማብቀል ይቻላል? የጥርስ ተመራማሪዎች ለአሥርተ ዓመታት የለፉበት ጥያቄ ነው። መልሱ ዛሬ ሙሉ በሙሉ «አዎ» ባይሆንም፣ ትናንሽ ልጆች ላላቸው ወላጆች ሊያውቁት የሚገባ ነገር ይዟል።

ጥርስ ድንጋይ አይደለም

ጥርስ ከውጭ ሲታይ እንደ ድንጋይ ደረቅ ይመስላል። የሚሸፍነው ኢናሜል በሰውነታችን ካለው ነገር ሁሉ ጠንካራው ነው። ሆኖም ሕይወት ያለው ህዋስ ስለሌለው አንዴ ከተሸረፈ ራሱን አይጠግንም። ከኢናሜሉ ቀጥሎ ዴንቲን የሚባለው ክፍል አለ። መሃል ላይ ደግሞ ብዙዎቻችን «የጥርስ ነርቭ» የምንለው፣ ሐኪሞች ፐልፕ የሚሉት ለስላሳ ሥጋ ይገኛል። ፐልፕ ነርቭ ብቻ አይደለም። ጥርሱን የሚመግቡ የደም ሥሮችና ዴንቲን የሚሠሩ ህዋሶችም በውስጡ አሉ። በአጭሩ፣ የጥርሱ ግንበኛ እሱ ነው።

የልጆች ጥርስ ጉዳት ከአዋቂዎች የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። የላይኞቹ ቋሚ የፊት ጥርሶች በ7 እና በ8 ዓመት ገደማ ድድን ሰንጥቀው ቢወጡም ሥራቸው አላለቀም። ሥሩ ረዝሞና ወፍሮ ጫፉ እስኪዘጋ ሌላ ሦስት ዓመት ያህል ይወስዳል። በዚህ መሃል ፐልፑ ከሞተ ግንባታው ባለበት ይቆማል። ጥርሱም ሥሩ አጭር፣ ግድግዳው ስስ፣ ጫፉ ክፍት ሆኖ ይቀራል።

ለአዋቂ ሰው ሩት ካናል ጥሩ መፍትሔ ነው። ሐኪሙ የሞተውን ሥጋ አውጥቶ፣ ቦዩን አጽድቶ ይሞላዋል፤ ጥርሱም ለብዙ ዓመታት ያገለግላል። ጫፉ ባልተዘጋ የልጅ ጥርስ ላይ ግን ሙሌቱን የሚይዘው ነገር የለም። ሐኪሞች ጫፉን በመድኃኒት ወይም በልዩ ሲሚንቶ ዘግተው መመረዙን ያድናሉ። ይህም ቢሆን ሥሩን አያሳድገውም። ስሱ ግድግዳ እንደሳሳ ይኖራል፤ በሌላ ምት በቀላሉ ሊሰበርም ይችላል።

በደም የሚጀምር ሕክምና

ኒጋርድ ኦስትቢ የተባለ ኖርዌያዊ የጥርስ ሐኪም በ1961 እ.ኤ.አ. አንድ ለየት ያለ ሐሳብ ይዞ ቀረበ፦ ባዶውን ቦይ በሙሌት ከመድፈን ይልቅ ደም ቢገባበትስ? ሐሳቡ ለረጅም ጊዜ ብዙም ሳይሠራበት ቆየ። በ2001 የጃፓን ሐኪሞች የተመረዘ የታዳጊ ጥርስ ሥሩ ማደጉን ሲቀጥል ማየታቸውን ዘገቡ። በ2004 ባንክስ እና ትሮፕ የሕክምናውን ቅደም ተከተል ካሳተሙ በኋላ ዘዴው በብዙ አገሮች መሠራት ጀመረ።

ሕክምናው ቢያንስ ሁለት ቀጠሮ ይፈልጋል። በመጀመሪያው ሐኪሙ ቦዩን ከበረኪና ጋር አንድ ዓይነት በሆነ፣ በተመጠነ ፈሳሽ አጥቦ ጀርም የሚገድል መድኃኒት ያስቀምጣል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መድኃኒቱን አውጥቶ በቀጭን መሣሪያ የሥሩን ጫፍ አልፎ በመንካት ሆን ብሎ ያደማዋል። ደሙ ወደ ላይ ወጥቶ ቦዩ ውስጥ ይረጋል። ከሥሩ ጫፍ አካባቢም ግንደ ህዋሶች፣ ማለትም ስቴም ሴሎች፣ አብረው ይገባሉ። የረጋው ደም አዲስ ሥጋ እንደሚያድግበት መደብ ያገለግላል። ከዚያም ሐኪሙ ከላይ በሲሚንቶና በሙሌት ያሽገዋል።

ብዙ ልጆች ላይ መመረዙ ይጠፋል፤ አንዳንዶቹም ላይ ሥሩ ይረዝማል፣ ይወፍራል። ሆኖም የሚያድገው ሥጋ ሁልጊዜ እውነተኛ ፐልፕ አይደለም። ብዙ ጊዜ አጥንት መሰል ነገር ሆኖ ይገኛል። ጥርሱም ቀለሙ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ለዓመታት በራጅ መከታተል ግዴታ ነው።

ከወተት ጥርስ የተገኘው ተስፋ

በ2000 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች በአዋቂ ሰው ፐልፕ ውስጥ ግንደ ህዋሶችን አገኙ። ከሦስት ዓመት በኋላ ከቡድኑ አንዱ የሆነው ሶንግታኦ ሺ ከባልደረቦቹ ጋር በሚወልቅ የወተት ጥርስ ውስጥም እንዳሉ አሳወቀ።

ትልቁ ዜና የመጣው በ2018 ነው። በቻይና የፊት ጥርሳቸው በአደጋ ተጎድቶ ፐልፑ የሞተባቸው 40 ልጆች በአንድ ሙከራ ተሳተፉ። ሠላሳዎቹ ከራሳቸው የወተት ጥርስ ተወስዶ በቤተ ሙከራ የተራባ ግንደ ህዋስ ተተከለላቸው፤ አሥሩ የተለመደውን ጫፍ የመዝጋት ሕክምና አገኙ። ከዓመት በኋላ ህዋስ በተተከለላቸው ጥርሶች ውስጥ የደም ሥርና ስሜት ያለው ነርቭ የያዘ ፐልፕ አድጎ ተገኘ። በሌሎቹ ግን አልታየም።

ይህ ማለት ግን ሕክምናው ነገ በአቅራቢያዎ ክሊኒክ ይጀመራል ማለት አይደለም። ህዋስ ማራባት እጅግ ንጹሕ ቤተ ሙከራ፣ ሰፊ ወጪና ጥብቅ ቁጥጥር ይጠይቃል። በአንዳንድ አገሮች የልጆችን የወተት ጥርስ በክፍያ አቀዝቅዘው የሚያስቀምጡ ድርጅቶች አሉ። የቻይናው ሙከራ ግን ለዓመታት በተቀመጠ ጥርስ ላይ የቆመ አልነበረም። ስለዚህ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ደግመው ያስቡበት።

ከማስነሳት ማቆየት

ከዚህ ሁሉ ምርምር ለወላጅ የሚተርፈው ዋና ነገር ይህ ነው፦ የሞተን ፐልፕ ከማስነሳት ያልሞተውን ማቆየት እጅግ ይቀላል። የልጅ ፐልፕ ደም በደንብ ስለሚያገኝ የመዳን አቅሙ ብርቱ ነው። ጥርስ ተሰብሮ መሃሉ ላይ ቀይ ነጥብ ቢታይ እንኳ ሐኪሙ የተጎዳውን ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ቆርጦ ቀሪውን በመሸፈን ሊያድነው ይችላል። ሥሩም ማደጉን ይቀጥላል።

እንግዲህ፦

• ጥርስ ከተሰበረ ወይም ከተነቃነቀ፣ ሕመም ባይኖርም በዚያው ቀን ሐኪም ያሳዩ። ስባሪውን ወተት ውስጥ አድርገው ይውሰዱት፤ አንዳንዴ መልሶ መለጠፍ ይቻላል።

• ቋሚ ጥርስ ሙሉ በሙሉ ከወለቀ ሥሩን አይንኩ፣ አይፈግፍጉትም። ከላይ ይዘው፣ ከቆሸሸ ለአፍታ አጥበው ወደ ቦታው ይመልሱት፤ ካልቻሉ ወተት ውስጥ ያድርጉት። ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ሐኪም ጋ መድረስ ወሳኝ ነው።

• የወለቀ የወተት ጥርስን ግን ወደ ቦታው አይመልሱ፤ ከበላዩ ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳው ይችላል።

• ሐኪሙን ይጠይቁ፦ «የሥሩ ጫፍ ተዘግቷል ወይስ ክፍት ነው? ፐልፑ በሕይወት አለ? ማቆየት ይቻላል?»

• የክትትል ቀጠሮ አያሳልፉ። የተመታ ጥርስ ደህና መስሎ ከወራት በኋላ ሊሞት ይችላል።

ሐኪሙ «ሞቷል» ካለዎትም ጥርሱን ለማስነቀል አይቸኩሉ። ሥሩ ገና ክፍት ከሆነ፣ ሥር እንዲያድግ የሚያግዝ ሕክምና የሚሠራ ባለሙያ የት እንዳለ ይጠይቁ።