ፊደል በመርፌ

እኛና እናንተ ፊደል የቆጠርነው በጠመኔና በእርሳስ ነው። በእንግሊዝ አገር ግን ድሮ ብዙ ልጃገረዶች ፊደልን በመርፌም ጽፈዋል። ልጅቱ ቁራጭ ጨርቅ ይሰጣታል። በባለቀለም ክር ፊደላቱን በሙሉ፣ ቀጥሎም ቁጥሮቹን ትጠልፋለች። በመጨረሻ ስሟንና ዕድሜዋን ትጨምርበታለች። እንዲህ ያሉ ጨርቆች ዛሬም በሙዚየም ይታያሉ።

ለምን ይሆን? ያኔ አንሶላና ፎጣ ሲታጠብ ከሌላ እንዳይቀላቀል በፊደልና በቁጥር ምልክት ይጠለፍበት ነበር። ብዙዎቹን የድሃ ልጆች ደግሞ የሚጠብቃቸው የሰው ቤት ሥራ ነው። ምልክቱን የምትጠልፈው ገረዲቱ፤ አንሶላው የእመቤቲቱ!

በ1862 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የእንግሊዝ መንግሥት በገንዘብ የሚረዳቸው ትምህርት ቤቶች ለሴቶች ልጆች የመርፌ ሥራ እንዲያስተምሩ ደነገገ። ጠርዝ ማጠፍ፣ መጥቀም፣ መጣፍ፣ ቁልፍ መትከል ተማሩ። ታዲያ ይህ ሰዓት የሚወስደው ከሌላው ትምህርት ነው። ተቆጣጣሪዎች ይህን ስለሚያውቁ በሒሳብ ፈተና ለሴቶቹ ይራሩላቸው ነበር። ርኅራኄው ምን ይረባል? ልጅቱ ሒሳቡን አላወቀችም እኮ!

ሙያውን እኛ አንንቅም። መጣፍ የማይችል ወንድ ቀዳዳውን ይዞ ይዞራል።

በ1975 በብሪታንያ አዲስ ሕግ ወጣ። ወንድና ሴት አብረው በሚማሩበት ትምህርት ቤት መርፌውን ለሴት፣ መጋዙን ለወንድ ብቻ ማለት ተከለከለ።